ስድስት ነጥብ ሁለት

ሰኞ ማለዳ ነው፤ ሰልፉ በሩን አልፏል፣
ከጣና የተነሣ ጭጋግ መስኮት አቅፏል።
ጓንቴን አጥልቄያለሁ፣ ስም ነው የምጠራ፣
አንድ ጣት፣ አንድ መርፌ፣ ጠብታ፣ በተራ።

«አንጓች!» ስል ተነሣች፣ ደከም ያለች እናት፣
ግድግዳ እየያዘች፣ ደረጃው አድክሟት፤
ከንፈሯ አመድ ለብሶ፣ ጥፍሯ ማንኪያ መስሎ፣
ልቧ ይደልቃል በነጠላዋ ዘሎ።

አወቅኋት። የሐይቁ ዳር የሰፈራችን ሰው፣
ያባቴን ሰላምታ በሩቅ የምትመልሰው፤
ሲያልፍ ልጇን ከልላ በቀሚሷ ጫፍ፣
«ዐይኑ እንዳያርፍበት» ብላ የምታልፍ።

አባቴ ቀጥቃጭ ነው። ለአሣ አጥማጅ መንጠቆ፣
ለአራሽ ማረሻ ይሠራል፣ ከወናፍ ተጣብቆ።
ማጭዱን ሊወስዱ ማልደው ይመጣሉ፣
ሒሳቡን ድንጋይ ላይ ጥለው ይሄዳሉ፤
እጁን ግን አይነኩም። ንጹሕ ነው ማጭዱ፣
እርም ነው ላገሩ ያበጀበት ክንዱ።

ጣቷን ያዝኩ፤ ቀዝቅዟል፣ በውኃ እንዳደረ
የታንኳ ገመድ ነው፣ ዳር ላይ እንደቀረ።
ወጋሁት። ብረት ነው፣ ብረት ነው መርፌው፣
ቀይ ሥር ያጠቡበት ውኃ ነው ጠብታው።
ማሽኑ አሰበና ቁጥሩን ሲያወጣልኝ፣
ስድስት ነጥብ ሁለት ብሎ አፈጠጠብኝ።

ምን ብዬ ልንገራት ምን እንደጎደላት?
እህል አይደል፣ እምነት አይደል፤ ብረት ነው የጠፋት።
ብረት! ያ በወናፍ ቀልቶ የሚጮኸው፣
አባቴ በመዶሻ ክፉኛ የሚመክረው።
አራት ናይትሮጂን እጁን ይዘው ዙሪያ፣
በእርሱ ነው የሚሄድ የትንፋሽ ገበያ።
ካንድ ሰው ገላ ላይ ብረቱ ቢለቀም፣
አባቴ ቢያቀልጠው ማረሻ አይወጣውም፤
አንዲት መንጠቆ ናት፣ ለአምባዛ የምትበቃ፣
በእርሷ ተንጠልጥሎ ነው ሰው የሚነቃ።

ማታ ሐይቁ ዳር ወርዶ እጁን ሲታጠበው፣
ጥቁር ብናኝ ነበር ከጣቱ የሚወርደው።
ያንን ብናኝ ደንገል፣ ያንን ዓሣ ይበላል፣
ዓሣውን እነርሱ። ማን ከማን ይርቃል?

ክረምት ግልገል ዓባይ ቀልቶ ሲደፈርስ፣
ብረት ነው ከደጇ እያለፈ የሚፈስ፤
ማሳዋ ብረት ነው፣ ግድግዳዋም ጭምር፤
እሷ ናት የነጣች በዚያ ቀይ አገር።

ጭጋጉ ሲገፈፍ ደንገል ታየኝ በሩቁ፣
ሥሩ ጭቃ ረግጦ፣ ራሱ ከሐይቁ።
ያው ቀለበት ነው፣ ያው የአራቶች ወንበር፣
ብረት ተነሥቶለት ማግኒዝየም ሲሰፍር፣
ቀዩ አረንጓዴ ሆነ። ይኸው ልዩነቱ
የኔና የቅጠል፣ የእንግዳው ማንነቱ።
ሸርጣንም ደም አላት፤ መዳብ ነው የሚያዞረው፣
ሰማያዊ ፈዘዝ፣ ዐይን የማይቆጥረው።
ልጅ ሳለሁ ሰብሬ አንዷን በድንጋይ፣
ደም የላትም አልኩኝ፣ ቀይ ነገር ሳላይ።
አክስቴ እንቅርቷን «ርግማን ነው» ትላለች፣
ከጨዋ የቀረ አዮዲን ነው ያጣች።

«ሕይወት አልባ» ይላል የኮሌጅ ደብተሬ፤
ሸምድጄው ነበረ፣ ለፈተና፣ ጥሬ።
ታዲያ ጥርስ ምንድን ነው? የኖራ ዘመድ ነው፤
ሰው ሲስቅ ድንጋይ ነው ፀሐይ የሚሞቀው።

ሁሉን ልነግራት አሰብኩና ተውኩት፤
«ሐኪሙ ጋ ግቢ፤ ኪኒን ካዘዘልሽ በሎሚ ዋጪበት፣
ሻይ እንዳታስከትዪበት።»
ብቻ ይህን አልኳት።

ጥጡን ስጫንበት ቀና ብላ አየችኝ፣
በግንባር፣ በአፍንጫ፣ ባገጬ ለካችኝ።
«የማን ልጅ ነህ?» አለች።
«የይርሳው። የቀጥቃጩ።»

ጥጡ ላይ ነጥቧ ሰፋች፣ ቀስ እያለች።
ከኋላ አንድ ሰው ሳለ። ምንም አልመለሰች።
ጓንት አለ መሐል ላይ፤ ያ አልጠፋኝም እኔም።
ጣቷን ግን ከእጄ ላይ አልሳበችም።