ቁጥር ሃያ ሦስት

ከአዘዞ ሚኒባስ፣ ቅዳሜን በጠዋት፣
አርባ ቅጽ በፌስታል፣ እኛ ደግሞ አራት።
«ማኅበረሰብ፣ ማንነት፣ ምግብ» ይላል ርዕሱ፤
ፈንታነሽ ሳቀች፦ «ሦስቱን ባንዴ ሲያጎርሱ!»

ቆላ ድባ ገባን። ገበያው ሞልቷል፤
አህያና ባጃጅ መንገድ ይጋፋል።
የሽምብራ ጆንያ፣ የአዝሙድ ቁና፣
ካፍንጫ የሚገባ የበርበሬ ደመና፤
እያስነጠስኩ ጠየቅሁ፣ በትሕትና፦

«አባቴ፣ ማንነትዎን እንዴት ይገልጹታል?»

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።
«አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?»
«የዩኒቨርሲቲው» አልኩ።
ገበያው ሳቀብኝ።
«እሱንማ ማን ወለደው! እናትሽን ነው ያልኩሽ፣
አያትሽን፣ ደብርሽን፣ ውሃ የቀዳሽበትን።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ፦
እኔ «ማንነት» ያልኩት
እሳቸው ጆሮ ሲደርስ «የማንነት» ነበር።
አንዲት ፊደል ናት፣ «የ»፤
እሷን ረስተን ነው ቅጹን ያባዛነው።

ስንዞር፣ ስንሞላ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣
እትዬ ሙጭት ቤት ደረስን፤ ቁጥር ሃያ ሦስት።
ገና ሳንቀመጥ «ብሉ» አሉ።
«አይ፣ እትዬ፣ ከመልስ ሰጪ ምንም አንቀበልም፤
የሥነ ምግባር ደንብ አለን።»
«ስለ ምግብ ልትጠይቁ መጥታችሁ ምግብ እንቢ?
ደንቡን የጻፈው ሰውዬ ጦሙን ነው የሚያድር?
በሞቴ!»
በላን።
(ይህ ሪፖርቱ ላይ የለም።)

ጥያቄ አሥራ አንድ፦
«ከሌላ እምነት ተከታይ ጎረቤት ጋር
ሀ) አብረው ይበላሉ
ለ) ለይተው ይበላሉ»

ዝም አሉ። ተነሡ።
ከመደርደሪያው ጥግ ትንሽ ድስት አወረዱ፣
ጆሮዋ ላይ ቀይ ክር የታሰረላት።
«ይቺ የሩቅያ ናት።
የኔ ሥጋ ነክቷት አያውቅም፤ ማማሰያዬም።
ልጄን የዳርሁ ለት
ወንድሟ በእጁ አርዶ፣ ወጡ በዚች ተሠራ፣
በነሱ ዳስ ቀረበ።
እሷም ቤት የኔ ሳህን አለች፣
ጦሜን እንዳታስገድፈኝ
ጮማ ሳይነካት የኖረች፣ ጠርዟ የተሸረፈ።»

ብዕሬ «ለ» ላይ ወረደ፤ ቆመ።
ለይተው፤ እውነት ነው።
ግን ሳመሽ እናቴ
ራቴን ለይታ ከድና ስታቆየኝ
«ተለያየን» ብዬ አውቃለሁ?
«ሀ» ላይም ወሰድሁት፤ እሱም አልሆን አለ።
ሁለቱ ሳጥኖች አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ሩቅያ አሁን የት ናቸው?» አለች ፈንታነሽ።
«መተማ፣ ልጇ ዘንድ። አራት ዓመቷ።
ዓይኗም ደከመ አሉ።»
በነጠላቸው ጫፍ ድስቷን ወለወሉ።
አቧራ አልነበራትም።
«ሆድ ካገር ይሰፋል» አሉ፣
ለኛ ይሁን ለድስቷ እንጃ።

ልንወጣ ስንል ደግሞ ሽምብራ ቆሎ፣ ጨው የነካው፤
መያዣ አጡና ዘወር ዘወር አሉ፣
ከእጄ ላይ ወረቀት ላፍ አድርገው
ጥቅልል፣ እጥፍ፣ ሙልት አደረጉት።
«ለመንገድ ናት። ለሰውም ስጡ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ጥቅሉ ዞረ፤
ለሾፌሩ፣ ለረዳቱ፣
ዶሮ ለታቀፈው ልጅ፣
ዶሮዋም አልቀረባት።
አጠገቤ ያሉት ሴትዮ እያኘኩ ዞሩና
«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።
ከእናቴ ጀመርኩላቸው፤
አዘዞ ስንደርስ ገና ቅድመ አያቴ ላይ ነን።

ሰኞ መምህር ቢረሳው
ምራቅ እየነኩ ቅጹን ቆጠሩት።
«ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ሃያ ሦስት የት ሄደ?»

ፈንታነሽ እኔን አየች።
እኔ ጣሪያውን።

«በላነው» አልኩ።