ሳለ

በሼፊልድ፣ ከወንዙ ዳር፣ ጭስ ባጠላበት መንደር፣
ኢኖክ ሃውስሊ ቢላ ሳለ፣ ድንጋይ ከሥሩ ሲዞር፤
ማታ ከቤቱ ገብቶ፣ ደግሞ ሳለ እስኪነጋ፣
የድንጋዩ ትቢያ ከሳንባው ጋር ሲያወጋ።
ልጁ አምብሮዝም ሳለ፣ በከሰል ስባሪ፣
የዓርቡን ሰው አፍንጫ፣ የኪራይ አስገባሪ።

እኔ አንድ ቃል አለኝ፣ ለሦስቱ የሚበቃ፤
እነሱ ሦስት አወጡበት፤ ሀብታም ናቸው፣ በቃ።

በአሥራ አምስት ዓመቱ፣ ከማታው ጋዜጣ
ቀለም በጥባጭ ገባ፣ ሠዓሊ ሆኖ ወጣ።
ቅዳሜ ኳስ ሜዳ ነው፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ጩኸት፤
በረኛውን አክሮይድን በሦስት መስመር፣ ዳኛውን በሁለት።
ጥላ አይጥልም ብዕሩ፦ «ሥዕል ጥላ ከጣለ
የሚሸሽገው ነገር ከበስተኋላው አለ።»
አፍንጫ ላይ ግን ለጋስ ነው፣ ቀለም አይሰስት፤
የከንቲባውን ከደወል ማማ ጋር አቆመው ለሙግት፤
የብረቱን ጌታ ደግሞ፣ ሰር ኦጋስተስን፣
ሁለት አሽከር በቃሬዛ ሲሸከሙለት አፍንጫውን።

ይቆጣል ተባለ። አልተቆጣም።
በአምስት ፓውንድ ገዝቶ ሰቀለው ከምግብ አዳራሹ፤
«እኔ እኮ ነኝ!» ይላል፣ ሾርባ ሲቀዱ አሽከሮቹ።
አምብሮዝን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደው፤
ስለቱን እንደ ጌጥ የሚለብስን ሰው፣ ምን ይቆርጠው?

ከዚያ ጦርነቱ። አዘጋጁ፣ «የጠላትን ጥርስ አርዝምልን» አለ።
አረዘመ። ምላስም ጨመረ፣ እስከ ጉልበት የተንጠለጠለ።
ወጣቱ ከጋዜጣው እየቀደደ ከኪሱ ከተተው፤
ባቡሩ ጮኸ፣ ሄደ። የሄደውን ማን ቆጠረው።

በሦስተኛው ዓመት አክሮይድ መጣ፣ በሻርፕ ተጠቅልሎ፤
ከቢሮው በር ቆመ፣ ባርኔጣውን ከዓይኑ ላይ ጥሎ።
«እንደ ድሮው ሳለኝ፣ አፍንጫዬን አግዝፈህ» አለው፤
ከሻርፑ ሥር ግን አፍንጫ አልነበረው።
አምብሮዝ ብዕሩን አነሳ።
አስቀመጠ።
ሻይ ጠጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የሳለው ጀርባ ብቻ ነው፤
የሚኒስትር ጀርባ፣ የባንክ ሹም ጀርባ፣
አንድ በረኛ፣ ከባዶ ጎል ፊት፣ ጀርባውን ለተመልካቹ የሰጠው።
ከተማው ማንነቱን ከትከሻው ለየው።
«ፊታቸው የታለ?» አለ አዘጋጁ፣ ፒፓውን እያጨሰ።
«ዞረዋል» ብሎ መለሰ።

የመጨረሻውን ያገኘሁት ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣
ጠርዙ በተበላ ገጽ ላይ ነው፦
አንድ ጎባጣ ጀርባ፣ አንድ ክብ ድንጋይ፣ ምንም ጽሑፍ የሌለበት፤
ያ ጥላ የማያውቅ ብዕር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጥላ ጣለ።
ጸጥታ ነበር።
ከመደርደሪያው ማዶ
አንድ ሰው ሳለ።