ውሃ የሚያነሳ

በኖቫ ስኮሺያ ጠረፍ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የኮሌጁን ሚኒባስ ነዳሁ፣
ተማሪ ከነጠርሙሱ፣ ከነመጠይቁ ጫንሁ፤
በመስከረም ወደ ባሕሩ ዳር መንደር አደርሳቸዋለሁ፣
በሚያዝያ ወንበር ሥር የረሱትን እለቅማለሁ።
ሾፌርን ማንም አይጠይቅም። መስተዋቱ ግን ያያል።

የዘንድሮዋ ብሪዮኒ ነች፤
ሦስተኛ ዓመት፣ ኬሚስትሪ፣ ስታወራ ትቸኩላለች፣
አንዱን ዐረፍተ ነገር ሳትጨርስ ሌላውን ትጀምራለች።
አርባ ሁለት ጉድጓድ፣ አርባ ሁለት በር፣
አርባ ሁለት ጠርሙስ በሣጥን፣ ጭኗ ላይ በየጉድባው ሲንቀጫቀጭ ነበር።

ሰባተኛውን በር ኦዴልያ ቴሪዮ ከፈተች፤
ከፈተች ማለት፣ ሰንሰለቱ እስከፈቀደው ገርበብ አደረገች።
«ከዚህ በፊትም ከኮሌጁ መጥተዋል፤ አንደኛው ጺም ነበረው።
ቀዱ፣ አመሰገኑ፣ ሄዱ። ጥናቱስ? እንጃ። ጥናቱን ውሃ በላው።»

ብሪዮኒ እስከ ጆሮዋ ቀላች።
እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ ባለጺሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣
የግራ እጁ ጓንት እስከ ዛሬ ከመሪው ሥር አለኝ።
ሴትዮዋ ግን ሰንሰለቱን ፈታች።
ውሃ ለጠየቀ እንዴት እምቢ ይባላል?

ጥቅምት ሄድን፣ ኅዳር ሄድን፣ ታኅሣሥን በበረዶ ሄድን፤
በየካቲት ኮሌጁ ለዕረፍት ተዘጋ፣ እኛም ቀረን።
በዚያው ሳምንት ዝናብ ጣለ፣ በረዶው ባንዴ አለቀ፣
ከብሪዮኒ ግራፍ መኻል አንድ ጥርስ ወለቀ።
ተማሪ ዕረፍት አለው። ጉድጓድ ዕረፍት የት ያውቃል?

ወረቀቱን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችላት።
ኦዴልያ ክፍተቱን በጣቷ ዳሰሰች፣ ተነሣች፣
ከምስማሩ የዓሣ ነጋዴውን ካላንደር አወረደች፤
በየቀኑ ሣጥን ውስጥ በእርሳስ ደቃቅ ቁጥር፣
ባሏን ባሕር ካስቀረው ወዲህ የባልዲውን ገመድ ቋጠሮ ስትቆጥር፣
ውሃው ስንት ቋጠሮ ወጣ፣ ስንት ወረደ።
«ዝናብ። ሦስት ቋጠሮ ወጣ።» «ውርጭ። ባለበት።»
አንዱ ሣጥን ላይ ደግሞ፦ «ታምሜ ነበር።»
ዐሥራ አንድ ካላንደር፣ በመሳቢያ ውስጥ።
ማንም አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅሁ።

ውጤቱ በመጋቢት መጣ። አርሰኒክ፤
ውሃው ቋጠሮ በጨመረ ቁጥር አብሮ የሚያሻቅብ፣
ሽታ የሌለው፣ ቀለም የሌለው፣ ኩልል ያለ።
(የጠራ ሁሉ ንጹሕ ይመስለኝ ነበር።)
ፕሮፌሰሩ «እስኪረጋገጥ፣ ሁለት ሳምንት» አሉ።
ብሪዮኒ ደወለችልኝ፦ «እሑድ ትሠራለህ?»
እሑድ አልሠራም። ሄድን።

ቆማ ሰማችን። ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው አወረደች፣
በመስኮት ደፋችው፣ ቀጥላ የድመቷን ሳሕን ደፋች፤
«ሠላሳ ዓመት ጠጥቷል» አለች፣ የባሏን ፎቶ ሳይሆን ኩባያውን እያየች።

በሚያዝያ አዳራሹ ውስጥ ፖስተሮች ተሰቀሉ።
ኦዴልያ የቤተ ክርስቲያን ካፖርቷን ለብሳ ቆመች።
አንድ ዳኛ መጣ፣ መነጽሩን እያስተካከለ፣
«ለመሆኑ ይህ ጥናት ውሃ ያነሳል ወይ?» አለ።
«የማነሳውስ እኔ ነኝ» አለችው፤ «በየጠዋቱ ሁለት ባልዲ።
ድሮ ለሻይ፣ ዛሬ ለወለል።»

ከዚያ ስሟን አየች፣ ከብሪዮኒ ስም ቀጥሎ፣
መጨረሻው ላይ ሁለት ፊደል ጎድሎ።
እስክሪብቶ ለመነች።
«እነሱ እኮ አይጠሩም» አለች ብሪዮኒ፣ እንደዚያን ቀን ቀልታ።
«አውቃለሁ፤ ብዙ የማይጠራ አለ። የእኔ ናቸው ግን።»
ጻፈቻቸው፤ ከታተሙት አስበልጣ።

ስንመለስ መሽቶ ነበር። ከኋላ ወንበር ላይ
«በመስከረም ማን ይመጣል?» አለች ኦዴልያ።
መስተዋቱን አየሁ።
ብሪዮኒ፣ ያቺ ቸኳላ፣
አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች፤
እስከ ድልድዩ ድረስ አሰበች።