ቅድመ ሁኔታ ቁጥር አራት

ከመስኮት ሰባት ኋላ፣ ወንበሬ ላይ ሆኜ፣
ስንቱን ጉድጓድ ፈቀድኩ፣ በማኅተሜ አምኜ።

አዳማ ሳህን ናት፣ ጠርዟ ኮረብታ፤
ቀን ቦኩ ላይ ያለው፣ ገበያ ላይ ማታ።
ይህን ያውቃል ጋሪው፣ ያውቃል ባጃጅ ነጂው፣
ያውቃል ቅጻችንም፣ ባለ ሦስት ቅጂው።
ገጽ ሁለት ግርጌ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣
ቁጥር አራት እንዲህ ይላል፦

«ቁፋሮ ሳይጀመር፣ በቦታው ዝቅተኛ ጫፍ
የደለል ማጣሪያ ኩሬ ይዘጋጅ።
የተቆፈረ አፈር ይታጠር፣ ይሸፈን።
ከግቢው የሚወጣ የዝናብ ውሃ
ጠርቶ ይውጣ።»

ጠርቶ ይውጣ። ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ የተቀጠርኩ ሰሞን፣
እጄ ሳይለምድ ገና ምልክት ማድረጉን።

ሚያዝያ፣ ዓርብ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣
የሚግራው ሕንፃ ፋይል ከሰልፉ ተርፎ፣
መጣ አቶ ደገፋ፣ የተቋራጩ ወኪል፤
«ኩሬው አልቋል፤ ይኸው» አለ፣ በስልኩ ምስል።
አየሁ፤ አንድ ጉድጓድ፣ ከጎኑ አንዲት ዶማ።
የማን ጉድጓድ? የት አገር? ሐዋሳ? አዳማ?
ሞተር ሳይክላችን ነዳጅ አልነበራት፣
እኔም ቸኩያለሁ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ናት።
በሳጥኗ ውስጥ የወፍ እግር የምታህል
አንዲት ምልክት።
ደለል ስከለክል፣ እኔው ተደለልኩኝ፤
ሳንቲም ሳልቀበል፣ አንድ ኮረብታ ሸጥኩኝ።

ሐምሌ ገባ።
ዝናብ መስኮት ሰባት ሰልፍ አይዝም፤
ቅጽ አይሞላም፣ ቴምብር አይገዛም፣
«ነገ ተመለስ» ቢሉት አይመለስም።
የሱ ፈቃድ ከላይ ነው።
በአንድ ሌሊት ያ ያልታጠረ ክምር
ተነሥቶ ሄደ፤ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ቱቦውን ውጦ፣
ከታች በሸምሱ ልብስ ስፌት በር ገባ።

ሸምሱ ማክሰኞ ጠዋት መጣ።
አልጮኸም። ጩኸት ለምጃለሁ።
ጆንያ ከትከሻው አውርዶ መስኮቴ ሥር አኖረ፣
ከላዩ አንድ የተማሪ ሸሚዝ፣
ለመስከረም ከሰፋቸው ከአርባ ሦስቱ አንዱን፣
እንደ ቆዳ የደረቀ።
«እህቴ» አለኝ፣
«ይሄ አፈር የሰው ንብረት ነው፤ ቤቴ ገብቶ አደረ።
ሃያ ስምንት ጆንያ ሞላሁ። ለባለቤቱ ልመልስ።
ግን ያለ ፈቃድ አፈር ማጓጓዝ ያስቀጣል አሉኝ።
ቅጹን ስጪኝ።»

መሳቢያውን ከፈትኩ። ዘጋሁ።
የማውጣት ቅጽ አለን፣ የመቁረጥ፣ የመሙላት፤
የአፈር መመለሻ ግን ማንም አላሰበም።
ከኋላው ሰልፈኛው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ከሰዓት በእግሬ ወጣሁ። ሩቅ አልነበረም ለካ፤
ሃያ ሁለት ደቂቃ።
ሕንፃው በባሕር ዛፍ አጠና ተደግፎ ቆሟል፣
የፈቃዱን ቁጥር የያዘው ሰሌዳ ጭቃ ለብሷል።
ዘበኛው ኦቦ ሁንዴ ከቆርቆሮ ጎጆው ብቅ አለ።
«ኩሬው የት ነው?» አልኩት። «የምን ኩሬ?» አለ።
ከዚያ አሰብ አድርጎ፦ «የኔዋን ከሆነ እንግዲህ . . .»

ከጎጆው ጀርባ፣ አልጋ የምታህል ጉድጓድ፣
ውሃ ፍራሹን እንዳይወስድበት በሁለት ሌሊት የቆፈራት፣
አፏ ላይ የአሸዋ ከረጢት፣ ጎኗን በድንጋይ ደርድሮ።
ደለሉ ከሥር ተኝቷል፣ ግራጫ፣ ጸጥ ብሎ።
ከላይ ውሃው ጠርቷል።
ጎንበስ ስል ሰማይ አየሁ፣ ከሰማዩም ሥር
አንዲት ሴት፣ አንገቷ ላይ የመሥሪያ ቤት ባጅ ያንጠለጠለች።

ኦቦ ሁንዴ ማንበብ አይችልም።
«ፈቃድ ያስፈልገው ነበር እንዴ?» አለኝ፣ ፈርቶ።

የማገጃ ደብዳቤ ጻፍኩ። ዘጠኝ መስመር ሆነ።
አቶ ደገፋ ደወለ፤ አላነሣሁም፤ ደግሞ ደወለ።
የሸምሱ ጆንያ እስካሁን መስኮቴ ሥር ነው፤
ወለል የምትወለውለው ዘነቡ «ይሄ የማን ነው?» ትለኛለች፤
«ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» እላታለሁ።
ካቢኔው ውስጥ አሥራ አንድ ፋይል አለ፣
በዚያች የወፍ እግር የታለፈ።
ቦኩ ላይ ጠቁሯል።
ጫማዬን እያሰርኩ ነው።