ዓርብ፣ ፈርዋኒያ

«ንቁ!» የሚል ስብከት ከሆሳዕና ይዤ፣
ደብተሬን በክንዴ ሸጉጬ ተጉዤ፣
በኩዌት ምድር ቤት፣ ከልብስ ሰፊው ሥር
ቆምሁ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ልጀምር።

«ንቁ!» አልሁ በጩኸት። ከሁለተኛው ረድፍ
አንዲቷን ወስዷታል ድብን ያለ እንቅልፍ፤
እጇ ጭኗ ላይ ክፍት፣ በረኪና የቦረቦረው።
ድምፄን ጨመርሁበት፣ እንቅልፏን ላባርረው።

ሎምባሞ ከበሩ መጣ፣ ጆሮዬ ሥር በዝግታ፦
«ፓስተር፣ ተናኜ ናት፤ ቀስ ይበሉ በጌታ።
ረመዳኑን ሙሉ ቆማ ነው የነጋላት፣ ማታ በማታ።
እሷን የሚጠራ ደወል የሌለበት ቦታ
ይሄ ብቻ ነው።»

ደብተሬን ዘጋሁት።
ከክትክታው ዛፍ ሥር
ነቢዩ ሲተኛ፣ መልአኩ ሲመጣ፣
እንጎቻ ነው ይዞ፤ ስብከት መች አመጣ?

የቀረውን ሰዓት ሰበክሁ በሹክሹክታ፤
አሜኑም በሹክሹክታ፣
መዝሙሩም በከንፈር።
ከላይ ልብስ ሰፊው ለጁምዓ ሊሄድ
ማሽኑን ሲያቆመው፣
ትንፋሿ ተሰማ፣ ለሁላችን፣ እኩል።

አንዷ ተነሥታ፣ ምንም ሳትናገር፣
አባያዋን አውልቃ ደረበችላት።
ማቀዝቀዣው ይበርዳል።