በዓይኗ ውስጥ ያለው ሐይቅ

ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ቀኑ ሲያጥር ገና፣
መረብ ጥለን ማታ ወደ ቤት ስናቀና፣
ሂልካ ገመድ ትረግጣለች፣ ባልዲ ትመታለች፤
«እያየሽ ተራመጅ!» እናቴ ትላለች።
እያየች ነበረ፤
ሌሊቱ ነው እንጂ ከእሷ የተሰወረ።

በቀንማ ደህና ናት፤ ክሩን በመርፌ ዓይን
በአንዴ ታሾልካለች ሳታርገበግብ ዓይኗን፤
ኳስ ከጎን ሲመጣ ግን ጆሮዋን ይላታል፣
የክፍሉ ልጅ ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቅባታል።

«ዳፍንት ነው» አለች ሴልማ ጎረቤታችን፣
«ጉበት አብሏት» ብላ መከረች እናታችንን።
አበላናት። ክረምቱን ሙሉ አበላናት፤
በቅቤ ጠብሰን፣ በሽንኩርት ደልለናት።
ኋላ ነው የሰማነው፦
ለካ እሳቱን በጭድ ነበር ልናጠፋ የሞከርነው።

ኩኦፒዮ ሆስፒታል፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ዶክተሯ ጠብታ አድርጋ፣ ጠልቃ ልታይ፣
የዓይኗን ወለል ፎቶ አንስታ ዘረጋችው።
አባቴ ታይስቶ፣ አርባ ዓመት መረብ የጣለ፣
ቆቡን አወለቀና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።
«ይሄማ ሐይቃችን ነው» አለ።
እውነቱን ነው፤ ሰርጡ፣ ወሽመጡ፣
የተቦረቦረው ዳሩ፣
መሐሉ ላይ የቀረች አንዲት ደሴት፣
ገና ውሃ ያልነካት።
ዶክተሯ አልሳቀችም።
«አዎ» አለች፤ «ውሃው የሚበላው ከዳር ነው።»

ከዚያ በዝግታ ነገረችን፦
በእያንዳንዷ ሕዋስ ጓዳ ምድጃ አለ፣
ማይቶኮንድሪያ የተባለ።
እዚያ የቆመ አንድ ኢንዛይም፣ ትጉ ሠራተኛ፣
ኦርኒቲን ሲመጣ ተቀብሎ፣ ለውጦ ይሸኛል።
የሂልካ ሠራተኛ ግን እጁ ታጥፎ ተወለደ፤
ኦርኒቲኑ ደጅ ተከማቸ፣ በደሟ ወረደ፣
አሥር እጥፍ፣ ከዚያም በላይ።
ምክንያቱ? በአሥረኛው ክሮሞዞም ላይ
ዘረመሉ ሲጻፍ አንዲት ፊደል ስታለች፤
አራት መቶ ሁለተኛው ወንበር ላይ
ሌላ አሚኖ አሲድ አስቀምጣለች።

ሂልካ እጇን አወጣች፣ ክፍል ውስጥ እንዳለች፦
«ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ነው፤ ተምረናል» አለች።
እናቴ ቦርሳዋን ጨበጠች።
«ምድጃው ከእናት ነው» አለች ዶክተሯ፣
«የሠራተኛው ደብዳቤ ግን ከሁለታችሁም ነው የተላከ፣
አንድ አንድ ቅጂ።»
እናቴ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች፤
አባቴ ያን ጊዜ ያዘ።

የቄሱ መዝገብ ተከፈተ። የሁለቱም ቤት ዘር
ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ ሲቆጠር፣
ኦላቪ ከተባለ አንድ ሰው ጋ ይገናኛል፤
ደን አቃጥሎ በአመዱ ላይ ዘር ዘራ፣ ይላል።
ዘሩም በቀለ።
የምን ዘር እንደሆነ መዝገቡ አልተናገረ።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሚዛን ነገሠ፤
አይብና እንቁላሉ ከጓዳ ፈለሰ።
ዓሣም ጭምር! ሐይቅ ደጁ ላይ ለተኛ ቤት።
አባቴና እኔ ከጀልባው ቤት ጀርባ፣
እንደ ሌባ፣
በጢስ የበሰለ ዓሣ ቆመን እንውጣለን፤
እጃችንን በአሸዋ ፈትገን፣
ንጹሕ ሰው መስለን እንገባለን።
ሂልካ ድንቿን እየላጠች፣ ፊቷን ሳታዞር፦
«ዛሬስ ጨው አብዝታችኋል።»

እኔም ደሜን ሰጠሁ። ከሁለቱ ቅጂ አንዱ ስቷል፤
«ደህናው አንዱ» አሉኝ፣ «ላንተ ይበቃሃል።»
ይበቃኛል።
ይህን ቃል እንደ ጠጠር በጫማዬ ይዤው እሄዳለሁ።

ዛሬ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ደሴቷ ጠብባለች፤
ዓለምን በቁልፍ ቀዳዳ ታያለች።
ጋዜጣ ስታነብ አንድ ፊደል፣ ከዚያ አንድ ፊደል፣
እንደ ወደቀ ጥሬ ትለቅማለች፣
ደግሞ የቀደመውን እንዳትረሳ ታጉተመትማለች።
ትናንት ማታ አጠገቧ ቆሜ ሳያት
አፌ አመለጠኝ፦
«አንዲት ፊደል ወሰደችብሽ፤
አንድ አንድ ፊደል እያልሽ ታስመልሻለሽ።»

ቀና አላለችም። ጣቷ መስመሩ ላይ ነበር።
«ኦይቫ፣ ቅኔህን ተወውና
መብራቱን አስጠጋልኝ» አለች፤
«በጎን አይደለም።
በፊት ለፊት።»