የካባኑ ሆድ

ቦሌ አራብሳ፣ ከብሎክ አርባ ሁለት በታች፣
በመኖ መደብሩና በጸጉር ቤቱ መሃል የተሸጎጠች
የእኔ ሱቅ ናት፤ ሲቀናኝ በርና ቁም ሣጥን፣
ሳይቀናኝ የዶሮ ቆጥ፤ አልንቅም አንዱን።

ሂርሲ ዲሪዬ ወረደ ከአራተኛ ፎቅ፣ ግድግዳ እየተደገፈ፣
ትኩሳት እንዳለው ሕፃን አንድ ነገር በሽርጥ ጠቅልሎ እንዳቀፈ።
«ካባን ነው» አለኝ፤ «ሆዱ ተሰንጥቋል።»
«ስለ ሙዚቃ ዕቃ አላውቅም» ስለው፣
«እንጨት ታውቃለህ፤ እሱ ይበቃል።»

ኮላው እስኪይዝ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤
ሳልጠይቀው ጀመረ፣ ከመሃል ከመሃሉ እየቆረጠ።
ቡርዖ የጭነት መኪና ረዳት ሳለ በርሜል ሲመታ ሰሙት፤
ሐርጌሳ ከረባት አስረው መድረክ ላይ አቆሙት።
ስለ ዝናብ ያወጣውን ዜማ ሴቶች ውሃ ሲቀዱ አዜሙት፤
ሬዲዮ የሌለው እንኳ ስሙን ያውቅ ነበር።

ከዚያ አውሮፕላን መጣ።
ሚስቱ ሂቦ ልጆቹን ይዛ «ፍራሹን አንሣ» አለችው፤
እሱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አነሣ።
«ሦስት ዓመት መጠለያው ውስጥ መሬት ላይ ተኛች፤
አንድ ቀን ጎኔን አላለች።»

ጅጅጋ ሠርግ ነበር፣ ድሬዳዋ ሠርግ ነበር፤
ኋላ አንድ ጎረምሳ ኦርጋን ይዞ መጣ፣
ከበሮውም ዋሽንቱም ካባኑም በአንድ ሣጥን፤
የሂርሲ እጅ ሥራ አጣ።
ቀጥሎ ቦሌ ሚካኤል፣ ሻይ ቤት፤ ኪራይ ሲጨምር፣
እስከዚህ፣ ከተማው እስከሚያልቅበት፣ እስከ ጤፍ ማሳው ዳር።

በስልኬ መብራት ሆዱን ባይ በእርሳስ የተጻፈ አለ።
አሳየሁት። መነጽሩን ፈለገ፤ ሳያገኘው «ሂቦ» አለ።
«አምባሯን ሸጣ የገዛችው ነው።
ባለቤቱ እሷ፣ እኔ ተዋሽ።»
ካረፈች አራተኛ ዓመቷ ነው።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤
ይህ ሰው ብቅል አይቀምስም፤
ሆዱ ያባውን ክር ያወጣዋል።
ቃኘው። መኖ ሻጯ ሚዛኗን እንደያዘች ቆመች።
ሦስተኛው ክር ነዘረ፣ ከኮላዬ ጋር ተጣልቶ።
«ላስተካክለው?»
«ተወው። ድምፄም እንደሱ ነው።»

አሁን ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ብሎኩ ጸጥ ሲል፣
ዜማው በደረጃው ይወርዳል፣ ግድግዳ እየተደገፈ።
ስለ ዝናቡ ይሁን ስለ ፍራሹ፣ ቋንቋውን አላውቅም።
ያ ክር ሲነዝር ግን
መሮዬን ከሻማው ሥር አስቀምጬ
«እሱ የእኔ ነው» እላለሁ፣
ለማንም ሳይሆን።